በአራት ቁጥር ክፍል የተሰካው ገመድ

ናጅዋ አብዱልሃዲ ቢሮዬ የገባችው ዓርብ ግንቦት 10 ቀን 2004 ዓ.ም. ጠዋት ነው። ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፤ ጭጋግና ብርድ ያሳደገኝ። ሸዋ ሮቢት ስመደብ ጓደኞቼ «ማንጎ ትጠግባለህ!» ብለው ሸኙኝ እንጂ እንደ ቅቤ እንደምቀልጥ የነገረኝ አልነበረም።

«ኢንስፔክተር ሙሉቀን፣ ስድስት ዓመቴን ነው የሰረቁኝ» አለች፣ ሳትቀመጥ።

የይፋት ዘር ማዕከል ተመራማሪ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ የማሾ ዘር ስታዳቅል፣ ስትዘራ፣ ስትመዝን ኖራለች። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ውጤት ያለው በመሥሪያ ቤቱ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ቅጂው ያለበት ፍላሽም እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነበር። ሰኞ ጠዋት ደግሞ አዲስ አበባ ዘሩን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ቁጥሩ ከሌለ ዘሩም የለም።

«ትናንት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዙሁር ልሰግድ ቤት ሄድኩ። ምሳዬን በልቼ ዘጠኝ ሰዓት ስመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነው። በሩ አልተሰበረ፣ መስኮቱ አልተሰበረ። ወላሂ፣ እናቴ የሞተች ቀን እንኳ እንዲህ አልሆንኩም።»

ባሏ ሙሄ አጠገቧ ቆሟል። የማዕከሉ ሾፌር ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የመኪና ቁልፉን በጣቱ ላይ የሚያሽከረክር።

«አላህ ያጋልጠው» አለ። «እኔ ትናንት ደብረ ሲና ዘር ላደርስ ሄጄ አሥር ሰዓት ነው የተመለስኩት። ምን ላድርግ? ለማንኛውም ኤርሚያስን ይጠይቁት። የሁሉም ቢሮ ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ነው።»

ይህን ሲል ወደድኩት፤ እውነቴን ነው። አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ኤርሚያስ የማዕከሉ የኔትወርክ ባለሙያ ነው። ባለቤቴ ሕይወት ደግሞ እዚያው መዝገብ ቤት ትሠራለች። በሕጉ ከሆነ ሚስቴ የምትሠራበትን ቤት ጉዳይ ለሌላ መርማሪ ማስተላለፍ ነበረብኝ። አላስተላለፍኩም። አዛዣችን ደብረ ብርሃን ግምገማ ላይ ስለነበር የሚከለክለኝም አልነበረም። ለምን ቢሉኝ፣ ኤርሚያስን እጠላዋለሁ። ምን አድርጎኝ? ምንም! ሕይወት እራት ላይ «ኤርሚያስ እንዲህ አለ»፣ «ኤርሚያስ እኮ እንዲህ ሠራ» ትላለች። ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለምሳ ቤት መምጣት አቁማለች። በእኛ በቆላው የምሳ እረፍት ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ እስክትበርድ ሰው ሁሉ ቤቱ ይከተታል። እሷ ግን «ሥራ በዝቶ ነው» ትለኛለች። የመዝገብ ቤት ሥራ! ከአቧራ በቀር እዚያ ቤት ምን ይበዛል? ብቻዬን ሽሮ ፊት ተቀምጬ ስንቱን አሰብኩ መሰላችሁ።

ሙሄ በፒክአፑ ወደ ማዕከሉ ይዞኝ ሄደ። መንገድ ላይ በላስቲክ የተቋጠረ ቆሎ ሰጠኝ።

«የአገርዎ ነው። ትናንት ያመጣሁት።»

ከደብረ ሲና የሚወርድ ሾፌር ያለ ቆሎ አይወርድም፤ ቢወርድ የሚስቱንም የባልደረቦቹንም ፊት አያይም። አመስግኜ ኪሴ ከተትኩት። የመብላት ፍላጎት አልነበረኝም፤ አፌ በኤርሚያስ ስም ሞልቷል።

*

መጀመሪያ ያነጋገርኩት ጋሼ ከበደን ነው። ሽማግሌ ተመራማሪ ናቸው። የእሳቸው የማሾ ዘር ከሦስት ዓመት በፊት ኮሚቴው ፊት ወድቋል።

«ጋሼ፣ በናጅዋ ይቀናሉ ይባላል።»

«ማን አለ? እውነቱን ነው!» አሉ። «ዘር አመራረጥ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አሁን ለእሷ ይጨበጨብላታል፣ እኔ ጡረታዬን እቆጥራለሁ። እንዴት አልቀና? ግን ልጄ፣ ቅናት ሆድ ውስጥ ሲቀመጥ በሽታ ነው፤ እጅ ላይ ሲወርድ ነው ወንጀል የሚሆነው።»

«ትናንት ከስድስት ተኩል እስከ ዘጠኝ የት ነበሩ?»

«የድንበር ጠብ ሽምግልና ላይ። አምስት ሽማግሌ ምስክር አለኝ። ሁለቱ ቄሶች ናቸው፣ አንዱ ሼህ ናቸው። ከፈለግህ ሁሉንም እሰር።»

ደወልኩ፤ እውነት ነው። አንዱ ቄስ በስልክ ጭምር ሊመርቁኝ ጀመሩ። እንግዲህ የቀረኝ ኤርሚያስ ነው ብዬ እጄን አፋተግሁ።

*

ኤርሚያስን ያገኘሁት የኔትወርክ ሳጥኖች በተደረደሩባት፣ አየር ማቀዝቀዣ ባለባት ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። መቼም በዚያ ሙቀት እሱ ብቻ ደረቅ ሸሚዝ ለብሷል። ይኼም አናደደኝ።

«ላፕቶፑ ግቢ ውስጥ ተሰክቶ ከሆነ የት እንደተሰካ ማወቅ እንችላለን» አለኝ።

«ጠንቋይ ነህ?»

ሳቀ። «እርስዎ የተሰረቀ ባጃጅ ሲፈልጉ ታርጋውን ነው የሚያዩት?»

«ታርጋማ ይቀየራል። ሻንሲ ቁጥሩን ነው የማየው።»

«ኮምፒውተርም እንደዚያው ነው። ፋብሪካ የሰጠው ቁጥር አለው፤ ማክ አድራሻ እንለዋለን። ስሙን ቢቀይሩት፣ ባለቤቱን ቢቀይሩት ያ ቁጥር ያው ነው። ገመድ ሲሰኩበት ገመዱ እነዚህ ሳጥኖች ላይ ያርፋል፤ ስዊች ይባላሉ። እያንዳንዱ ቀዳዳ ፖርት ነው፣ ወደ አንድ ክፍል ይሄዳል። ይህ ፕሮግራም በየአምስት ደቂቃው ስዊቾቹን እየዞረ ‹ማን ማን ተሰክቷል?› እያለ ይጠይቃል፤ መልሱንም ያስቀምጣል።»

የናጅዋን ላፕቶፕ ቁጥር ከንብረት ካርዱ ላይ እያየ ጻፈ። ከትከሻው በላይ ቆሜ አየሁ። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ወጣ፤ እሱም ጮክ ብሎ አነበበው።

«ትናንት፣ ከስምንት ሰዓት ከአሥር እስከ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ። ስዊች ሁለት፣ ፖርት አሥራ አራት።»

በሩ ላይ የተለጠፈውን የክፍሎች ዝርዝር ራሴ በጣቴ ወረድኩበት። አሥራ አራት ማለት አራት ቁጥር ክፍል ነው።

«የማን ቢሮ ነው?»

ኤርሚያስ ዞር ብሎ አየኝ።

«የእኔ» አለ።

ሰው በሰው መከራ እንዲህ ደስ ሊለው ይችላል? ይችላል። እኔን ብሎኛል።

*

ጣቢያ ወስጄ አስቀመጥኩት።

«ከስምንት ከአሥር እስከ ስምንት ከሃምሳ የት ነበርክ?»

«አራት ቁጥር አልነበርኩም። በምሥራቁ የቢሮ ረድፍ ነበርኩ። የራሴን ኮምፒውተር ቁጥር ፕሮግራሙ ላይ ይፈልጉት፤ በዚያው ሰዓት ስዊች አንድ፣ ፖርት ዘጠኝ ላይ ነው።»

«ኮምፒውተርህ እዚያ ሊሆን ይችላል። አንተስ?»

«እኔም እዚያው።»

«ከማን ጋር?»

ያ ደረቅ ሸሚዙ አሁን ረጥቧል።

«ኤርሚያስ፣ ምስክር ካለህ ተናገር። ከሌለህ ትገባለህ።»

«ቃል ሰጥቻለሁ። እሷ ራሷ ካልተናገረች አልናገርም።»

እሷ! ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኩም፤ መልሱን ፈርቼ ነው። ብዕሬን ዘግቼ ለምሳ ወጣሁ።

*

ቤት ስደርስ ሕይወት አለች። በሰባት ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ለምሳ መጥታ፣ ምሳውን ሳታቀርብ፣ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«ኤርሚያስን አሰርከው?»

«ላፕቶፑ የተሰካው እሱ ክፍል ውስጥ ነው።»

«እሱ እዚያ አልነበረም። እኔ ጋ ነበር።»

እንዲህ በቀጥታ ይባላል? ተቀመጥኩ።

«ሰባት ሳምንት ሙሉ ምሥራቁ ረድፍ መዝገብ ቤት፣ እኔ ጋ ነበር» አለች። «የርቀት ትምህርት ተመዝግቤያለሁ። ዲግሪ። ሒሳቡ አቃተኝና ምሳ ሰዓት ላይ ያስጠናኛል። በሩ ክፍት ነው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ዘነበች በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ታየናለች። ጠይቃት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አምና ልመዘገብ ነው ስልህ ምን አልከኝ? ‹የት ነው? መቼ ነው? ማን ነው የሚያስተምርሽ?› የምማረውን እንኳ አልጠየቅከኝም፣ ሙሉቀን።»

አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ አልደብቅም። ቃሏን ካልመዘገብኩት ኤርሚያስ አይወጣም። ማን ያውቃል? ከእሷና ከእኔ በቀር ማንም።

ሕይወት ፊቴን አየች። አሥራ አንድ ዓመት አብራኝ ኖራለች።

«ጻፈው» አለች። «አሁን፣ እዚሁ ጻፈው። እፈርማለሁ።»

ጻፍኩት። «የመርማሪው ባለቤት» የሚለውን ስጽፍ ብዕሩ ሁለት ጊዜ ወረቀቱን ቀደደው። ፈረመች።

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ማዕከሉ ተመልሼ በቀጥታ አራት ቁጥር ክፍል ገባሁ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መስኮቱም እንደዚያው። የምዕራብ ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታ ወንበሩ ያቃጥላል።

«አንተ ደጋኛ! ልትሞት ነው?» አሉኝ ጋሼ ከበደ፣ ከማዶው በረንዳ ላይ ሆነው። «ግንቦት ላይ ከቀትር በኋላ በዚህ ረድፍ ማን ይቀመጣል? ሁላችንም ኮምፒውተራችንን ተሸክመን ወደ ምሥራቁ እንሻገራለን። በሮቹን ነፋስ እንዲገባ ከፍተን እንተዋለን። የናጅዋም ቢሮ እንደዚሁ ክፍት ነው የሚውለው።»

ልብ በሉ፤ አምስት ዓመት ሸዋ ሮቢት ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር። በበጋ ከሰዓት ሙሉ ረድፍ ክፍት ነው፣ ሰው የለበትም፣ ቁልፍ ማንም አያስፈልገውም። እኔ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ገብቼ የኤርሚያስን ቁልፍ ስቆጥር ውያለሁ። ፖርቱ ክፍሉን ነው የነገረኝ፤ ሰውየውን ከራሴ ሆድ አውጥቼ ነው የጨመርኩበት።

ላብ እያንጠባጠብኩ የሚነደው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሌባው እዚህ ተቀምጦ ነበር፤ አርባ ደቂቃ ሙሉ። ለምን? ሌባ ላፕቶፕ ይሸጣል። ምቀኛ ይሰብረዋል። ይሄ ሰው ግን በዚህ እሳት ውስጥ ተቀምጦ ገመድ ሰካበት። ገመድ የሚሰካ ኢንተርኔት የፈለገ ነው። በሰው ላፕቶፕ ኢንተርኔት የሚፈልግ ደግሞ የሰው ደብዳቤ ማንበብ የፈለገ ነው።

እንዴት አወቅሁ? ሕይወት ገላዋን ስትታጠብ ስልኳን ስንት ጊዜ ከፍቼ አንብቤያለሁ! በየጊዜው አንዳች አላገኘሁም፤ በየጊዜው ደግሞ «ያልደረስኩበት ይኖራል» ብዬ ተመልሻለሁ። የዚያን ሰው መቀመጫ በደንብ አውቀዋለሁ። የእኔው መቀመጫ ነው። እሱማ የኤርሚያስን ወንበር መርጦ ነው የተቀመጠበት።

እንግዲህ በኤርሚያስ የሚቀና፣ የናጅዋን ደብዳቤ የሚያነብ ማን ነው?

እጄ ሳላዘው ኪሴ ገባ፤ ያንን ቆሎ አፌ ውስጥ ጨመርኩት። ከዚያ ማኘኬን አቆምኩ።

እናቴ የደብረ ሲና ቆሎ እየሸጠች ነው ያሳደገችኝ። ትኩስ ይቆላል፣ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ይሄ ግን በቆላ ወበቅ የራሰ፣ እንደ ቆዳ የሚለመጥ፣ እዚሁ መናኸሪያ በር ላይ የሚሸጥ የከረመ ቆሎ ነው። ከአንድ ቀን በፊት ዳገቱን ወጥቶ ደብረ ሲና የገባ ሾፌር ይህን አይገዛም።

ወዲያው ደብረ ሲና ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ዘሩ የተላከበት መጋዘን ሄዶ ጠየቀልኝ። ዘሩ ሐሙስ ደርሷል፤ ያደረሰው ግን ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ የሽንኩርት አይሱዙ ነው። «ሙሄ ‹አሞኛል› ብሎ ነው የሰጠኝ» ብሎ ነበር የአይሱዙው ሾፌር።

ማስረጃው ከጠዋት ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነበር!

*

ሙሄን ወዲያው ብይዘው ላፕቶፑን የት እንዳስቀመጠ ባይነግረኝስ? ሮቢ ወንዝ ወርውሮት ቢሆንስ? የናጅዋ ስድስት ዓመት እኔ እልህ ውስጥ ስገባ ሊሰምጥ ነው። ስለዚህ ኤርሚያስ እስር ቤት እንዳለ ይወራ ብዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት በጓሮ በር ወደዚያች ትንሽ ክፍል ይዤው ገባሁ። ማዕከሉ ዝግ ነው። ኔትወርኩን የሚያይ ሰው የለም ብሎ ካመነ ሙሄ ይመለሳል።

«እንደሚመለስ በምን አወቁ?» አለኝ ኤርሚያስ።

«አንድ ጊዜ አንብቦ የሚበቃው ቀናተኛ የለም።»

ስክሪኑ ፊት ወንበር አጠጋግተን ተቀመጥን። ያለሁት ከማን ጋር ነው? ከኤርሚያስ ጋር፣ ጉልበት ለጉልበት!

«ሕይወት ጎበዝ ናት?» አልኩት።

«አዎ። ግን ትቸኩላለች።»

«እሱስ እኔም ቸኩያለሁ» አልኩ። ይቅርታ መጠየቄ ነበር፤ ከዚያ በላይ አልወጣልህ አለኝ። ገብቶት ራሱን ነቀነቀ።

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ መስመሯ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። ያው ቁጥር። ስዊች አንድ፣ ፖርት ሦስት።

«የስምሪት ክፍል» አለ ኤርሚያስ። «የሾፌሮቹ።»

*

ሙሄ ስንገባ አልሸሸም። ላፕቶፑ ፊቱ ተከፍቷል፤ አጠገቡ ጠርዙ የተበላ መዝገበ ቃላት አለ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ኤርሚያስ» አለ፣ እኔን ትቶ። «ሁሉንም አነበብኩት። ለአንተ የጻፈችው ሁሉ ስለ ገመድና ስለ ማሾ ነው።»

«ሌላ ምን ይሆናል?» አለ ኤርሚያስ።

«ቤት ስትገባ ስምህን ስታነሳ ትስቃለች። ከእኔ ጋር ዝም ትላለች። እኔ አሥረኛ ክፍል፣ እሷ ማስተርስ። ምን ላስብ?» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ሐሙስ በእንግሊዝኛ የተጻፉትን አልቻልኩም ነበር። ዛሬ ቃል በቃል ፈታሁ። ኢንስፔክተር፣ ሕንድ አገር ሁለት ዓመት ተማሪ ብለው ሁለት ጊዜ ጠርተዋታል። ምን ብላ እንደመለሰች ያውቃሉ? ‹ባለቤቴን ብቻውን ትቼ አልመጣም›። ሁለት ጊዜ! ለእኔ አልነገረችኝም።»

ናጅዋን በባጃጅ አስመጣኋት። ስትገባ ባሏን አየች፣ ላፕቶፑን አየች፣ ገባት። ተቀምጣ ፋይሏን ከፈተች። ከላይ እስከ ታች ወረደችበት።

«አለ» አለች። «አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም አለ።»

«ናጅዋ...» አለ ሙሄ።

«ይህን ደብዳቤ ገና ዛሬ ነው ያነበብከው?»

«አዎ።»

«ብትጠይቀኝ እኮ በአንድ አፍታ እነግርህ ነበር።»

መጻፍ ጀመረች። ረጅም አልነበረም፤ ሁለት መስመር ቢሆን ነው። ሙሄ አንገቱን አስግጎ «ምን እየጻፍሽ ነው?» አላት።

«ባለፈው ሳምንት በስልክ ለሦስተኛ ጊዜ ጠርተውኛል። እስካሁን አልመለስኩላቸውም ነበር።»

ላከችው። ከዚያ ገመዱን ነቅላ ጠቅልላ በእጁ ሰጠችው፣ ላፕቶፑን አቅፋ ወጣች። ሙሄ ገመዱን እንደያዘ ቀረ። ካቴናውን ሳወጣ እጁን ራሱ ዘረጋልኝ።

*

በመዝገቡ ላይ «የድርጊቱ ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። «ቅናት» ብዬ ጻፍኩ። አጭር ቃል ናት፤ ለመጻፍ ግን ረጅም ጊዜ ወሰደችብኝ።

ቤት ስገባ የሕይወት ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እሷ ጓዳ ናት። እጄ ሄደ። መለስኩት።

«ከፈለግክ እየው» አለችኝ ከጓዳ።

ደነገጥኩ። «ታውቂ ነበር እንዴ?»

«ሁሌ አንብበህ ስታስቀምጠው ፊቱን ወደ ታች ታደርገዋለህ። እኔ ወደ ላይ ነው የማስቀምጠው። አንተ ደግሞ መርማሪ ነኝ ትላለህ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ተቀምጬ የሆነውን ሁሉ፣ ናጅዋ የላከችውን ሁለት መስመር ሳይቀር ነገርኳት። ሕይወት በያዘችው ፎጣ ጠረጴዛውን ወለወለች።

«ሕንድ ሩቅ ነው» አለች በመጨረሻ።

«ሩቅ ነው።»

«እኔ የምሄደው እስከ ምሥራቁ ረድፍ ነው» አለችና ደብተሮቿን ከቁም ሣጥኑ ሥር አውጥታ፣ እንዳያቸው ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። «ለጊዜው።»

ሰኞ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ብቻዬን ምሳዬን እበላ ነበር። ሰዓቴን ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልናገርም። ቀንቻለሁ፤ ዛሬም እቀናለሁ። ግን ከወንበሬ አልተነሳሁም። በልቼ ስጨርስ ሳህኔን አጠብኩና የሷን ድርሻ ከድኜ አስቀመጥኩላት።